የሳሕን ጎልፍና የኳስ ጎልፍ፤ ቃላቸውና ሕጋቸው

በቤተ ሰብ መካከል ክርክር የሚነሣው ዘወትር በትልቅ ነገር አይደለም። ልጆች በጓሮ ሲጫወቱ «ገብቷል»፤ «አልገባም» በመባባል የጀመሩት ነገር እስከ እራት ገበታ ድረስ ይመጣና አባትንና እናትን በግድ ዳኛ አድርጎ ያስቀምጣቸዋል። ወላጆቹም የጨዋታውን ሕግ የማያውቁ ሲሆኑ ፍርዱ ለታናሹ ወይም ቀድሞ ላለቀሰው ይሆናል። ይህ ዓይነቱ ፍርድ ለአንድ ሌሊት ሰላም ይሰጥ ይሆናል እንጂ ለተፈረደበት ልጅ ፍትሕ ምን እንደ ሆነ አያስተምረውም፤ እንዲያውም ልቅሶ ከማስረጃ እንደሚበልጥ ያስተምረዋል።

እኛም ኑሮአችን በፍርድ ቤት መዝገብ መካከል ስለ ሆነ፥ በዚሁ በቦንጋ ከተማ በአንድ ጎረቤታችን ቤት እንዲህ ያለ ክርክር በተነሣ ጊዜ ነገሩን ችላ ብለን ለማለፍ አልቻልንም። ነገሩም እንዲህ ነው። በአሜሪካ የሚኖር አጎታቸው ለሁለት ወንድማማቾች ሦስት ክብ የፕላስቲክ ሳሕኖች አመጣላቸው፤ ጨዋታውም ዲስክ ጎልፍ እንደሚባል ነግሯቸው ሄደ። ልጆቹም የቡና መልቀሚያውን ቅርጫት በእንጨት ላይ አስረው ከማዶ እየወረወሩ ይጫወቱ ጀመር። አንድ ቀን ታላቅየው የወረወረው ሳሕን የቅርጫቱን ከንፈር መትቶ መሬት ወደቀ። እርሱ «ነክቷልና ይቈጠርልኝ» አለ፤ ታናሹ ግን «ውስጥ ካልቀረ አይቈጠርም» ብሎ ተከራከረ። አባታቸው የኳሱን ጎልፍ በቴሌቪዥን አይተው የሚያውቁ ናቸውና፥ «ጎልፍ ማለት ኳስ በዱላ እየመቱ በመሬት ጉድጓድ ማስገባት ነው፤ ታዲያ ዱላውም ኳሱም ጉድጓዱም የሌለበት ነገር ስለ ምን ጎልፍ ተባለ? ሕጉስ የማን ሕግ ነው?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነው። ስለዚህ የሁለቱን ጨዋታዎች የተጻፈ ሕግ ጐን ለጐን አኑረን ከተመለከትን በኋላ ያገኘነውን ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ለማካፈል ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

የኳሱ ጎልፍ ባላባት ነው። አገሩ ስኮትላንድ ሲሆን፥ ስሙ ከመንግሥት ጽሑፍ ላይ በጥንት የተገኘው በምስጋና ሳይሆን በክልከላ ነው። በ1457 የስኮትላንድ ሸንጎ ሕዝቡ ቀስት መወርወር መማሩን ትቶ በጎልፍና በእግር ኳስ ተጠምዷል ሲል ሁለቱንም ከለከለ። ክልከላው ግን ጨዋታውን አላጠፋውም። በ1744 በኤዲንብራ አጠገብ ባለችው በሊዝ የሚጫወቱ ሰዎች 13 አንቀጽ ያለው ሕግ ጻፉ፤ ከተጻፉት የጎልፍ ሕጎች ሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው። በ1764 ደግሞ በሴንት አንድሩስ የነበረው ዙር ከ22 ጉድጓድ ወደ 18 ዝቅ ተደረገ፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ 18 የሚባለው ቍጥር የመጣው ከዚህ ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። የጉድጓዱም አፍ ስፋት 108 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ተወስኗል። በአገራችንም በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው የጎልፍ ሜዳ እንደ ነበረው ይታወቃል፤ ዳሩ ግን ጨዋታው ከግቢ አጥር ወጥቶ የሕዝብ ለመሆን አልቻለም።

የሳሕኑ ጎልፍ ግን የድኻ ልጅ ነው ለማለት ይቻላል። በ1926 በካናዳ አገር፥ ብላድዎርዝ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚማሩ ልጆች የቈርቈሮ ክዳን እየወረወሩ በመሬት ላይ የተሰመረ ክብ ውስጥ ለማሳረፍ ይጫወቱ ነበር፤ ጨዋታቸውንም የቈርቈሮ ክዳን ጎልፍ ብለው ሰየሙት። የእኛም ልጆች በየሰፈሩ የቈርቈሮ ክዳን እየወረወሩ ስለ ማደጋቸው ምስክር መጥራት አያስፈልግም፤ ልዩነቱ የካናዳዎቹ ልጆች ለጨዋታቸው ሕግና ስም መስጠታቸው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ፍሪዝቢ የሚባለው የፕላስቲክ ሳሕን ከ1957 ጀምሮ በዚሁ ስም ይሸጥ ጀመር። በዚያው ኩባንያ ይሠራ የነበረ ኤድ ሄድሪክ የተባለ ሰው በ1975 በካሊፎርኒያ በኦክ ግሮቭ መናፈሻ የመጀመሪያውን ቋሚ የሳሕን ጎልፍ ሜዳ አቋቋመ፤ በ1976 ደግሞ የተጫዋቾችን ማኅበር መሠረተ። መጀመሪያ የሚወረወረው ወደ ዛፍና ወደ እንጨት ምሰሶ ነበር። ይህም እንደ ጎረቤታችን ልጆች «ነካ»፤ «አልነካም» የሚል ክርክር ስለሚያመጣ፥ ሄድሪክ በምሰሶ ላይ ሰንሰለት አንጠልጥሎ ከሥሩ የሽቦ ቅርጫት ያለበትን ዒላማ ሠራ። ሰንሰለቱ የሳሕኑን ፍጥነት ይሰብራል፤ ቅርጫቱም ይቀበለዋል። ሰውየው በ2002 ሲሞት አመዱ ከፕላስቲክ ጋር ተደባልቆ ሳሕን እንዲሠራበት ተናዞ ነበርና እንዲሁ ተደረገለት። ኑዛዜ በብዛት አንብበናል፤ እንዲህ ያለ ኑዛዜ ግን አላጋጠመንም።

እንግዲህ ስሙ ስለ ምን ጎልፍ ሆነ ለሚለው መልሱ ይህ ነው፤ መሣሪያው ቢለወጥም የአቈጣጠሩ ሥርዓት አንድ ነው። በሁለቱም ጨዋታዎች ሰው ከመነሻ ቦታ ይጀምራል፤ ካረፈበት እየተነሣ ይቀጥላል፤ መድረሻውን በጥቂት ብዛት የጨረሰ ያሸንፋል። በሌላው ጨዋታ ብዙ ያገኘ ሲያሸንፍ በእነዚህ ግን ጥቂት የቈጠረ ማሸነፉን ለልጆች አስቀድሞ መንገር ይገባል፤ አለዚያ ግራ ይጋባሉ።

ቃላቱን ስንመለከት ግን ልጅ የአባቱን ልብስ እንደ ለበሰ ይመስላል፤ አንዳንዱ ልኩ ነው፤ አንዳንዱ ይጐተታል። ኳሱ በዱላ ሲመታ ምት ይባላል፤ በሳሕኑ ግን መምታት ስለሌለ ውርወራ ይባላል፤ ይህ በአግባቡ የተለወጠ ቃል ነው። ጎልፈኛው በቦርሳው እስከ 14 ዱላዎች ለመያዝ ተፈቅዶለታል፤ ለሩቅ የሚሆነው ድራይቨር፥ በጉድጓዱ አጠገብ ለቀስታ ምት የሚሆነው ፓተር ይባላል። የሳሕኑ ተጫዋቾች እነዚህን ስሞች ወስደው ለሳሕኖቻቸው ሰጡ፤ ጠርዙ ስለታም የሆነው ለሩቅ የሚበርረው ሳሕን ድራይቨር፥ ጠርዙ ዱልዱም የሆነው ፓተር ሆነ። በመካከሉም መካከለኛ የሚሉት አለ። የሳሕን ብዛት በቍጥር አልተወሰነም፤ ለጀማሪ ግን አንዱ ይበቃል። ስፋቱ ብዙ ጊዜ 21 ሳንቲ ሜትር ያህል፥ ክብደቱም ከ150 እስከ 180 ግራም ያህል ነው።

ፓር የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን «እኩል» ማለት ነው፤ ጥሩ ተጫዋች አንዱን መድረሻ ለመጨረስ የሚያስፈልገው የብዛት ልክ ነው። ከፓር በአንድ ያነሰ ወፍ፥ በሁለት ያነሰ ንስር ይሉታል፤ በአንድ የበለጠ ቦጊ ይባላል። እነዚህን ሁለቱም ጨዋታዎች ሳይለውጡ ይናገሩባቸዋል። ጉድጓድ የሚለው ቃል ግን አስቸጋሪ ነው። የሳሕኑ ተጫዋቾች ጉድጓድ ሳይኖር «አንደኛው ጉድጓድ፥ ሁለተኛው ጉድጓድ» እያሉ ይቈጥራሉ። እንግሊዝኛው ለእነርሱ ይስማማቸው ይሆናል፤ በአማርኛ ግን ልጅ «ጉድጓዱን በሦስት ጨረስሁት» ሲል እናቱ ልጄ ምን ሊቈፍር ነው ብላ ብትደነግጥ አይፈረድባትም። እኛ ዒላማውን ቅርጫት፥ ከመነሻው እስከ ቅርጫቱ ያለውን ደግሞ ምዕራፍ ብንለው የተሻለ ይመስለናል። ፓርን እንዳለ መውሰድ ይቻላል፤ ቃሉ አጭር ነው፤ ምትኩም በቀላሉ አይገኝለትም። የአባቶቻችን የገና ጨዋታ ዱላና ሩር ብሎ የራሱ ስሞች ነበሩት፤ ማንም ከውጭ ስም አልተበደረለትም። ለመጣልን ጨዋታ ሁሉ ስም ከማውጣት መስነፍ የዘመናችን ጠባይ ነው።

ሳሕኑ ለብቻው የፈጠራቸው ቃላትም አሉት። ቀኝ ሰው እጁን ወደ ደረቱ አጥፎ ሲወረውር ሳሕኑ ፍጥነቱ ሲደክም ወደ ግራ ያዘነብላል። ሳሕኑን ከእጅ ሲለቁ ይህን መታጠፍ እንዲያበዛ አድርጎ ማዘንበል ሃይዘር፥ በተቃራኒው ማዘንበል አንሃይዘር ይባላል። እነዚህን ቃላት ጎልፈኛው አያውቃቸውም፤ እርሱም የኳሱን መታጠፍ በሌላ ስም ይጠራዋል።

አሁን ወደ ወንድማማቾቹ ክርክር እንመለስ። የሳሕኑ ጎልፍ ሕግ ግልጽ ነው፤ ሳሕኑ በቅርጫቱ ውስጥ ወይም በሰንሰለቱ ተይዞ መቆም አለበት። ሰንሰለቱን መትቶ ቢወጣ፥ የቅርጫቱን ከንፈር ነክቶ ቢወድቅ፥ ከዒላማው አናት ላይ ወጥቶ ቢቀመጥም እንኳ ምዕራፉ አልተጨረሰም። በኳሱም እንዲሁ ነው፤ የጉድጓዱን አፍ ዞሮ የወጣ ኳስ እንዳልገባ ይቈጠራል። ስለዚህ ፍርዱ ለታናሹ ሆነ፤ ይኸውም ታናሽ ስለ ሆነ አይደለም። ታላቅየውም ሕጉን በጽሑፍ ባየ ጊዜ ፊቱን ቢያጠቁርም ነገሩን ተቀበለ፤ የተጻፈ ሕግ ጥቅሙ ተሸናፊው የተሸነፈው በወንድሙ ሳይሆን በሕጉ መሆኑን ለማሳየት ነው።

የጎልፍ ሕግ ሁሉ ሥር «ያለውን እንዳለ፥ የወደቀውን እንደ ወደቀ» የሚል ነው። ኳሱ በጭቃ ወይም በእሾኽ ሥር ቢያርፍ ከዚያው መመታት አለበት። ሳሕንን ግን ከመሬት ላይ መምታት አይቻልምና ሕጉ ዘዴ ፈለገ። ከሳሕኑ ፊት ትንሽ ምልክት ይኖራል፤ ወይም ሳሕኑ ራሱ እንደ ምልክት ይቈጠራል፤ ተጫዋቹም ከምልክቱ ኋላ ባለ 20 ሳንቲ ሜትር በ30 ሳንቲ ሜትር መሬት ላይ ቢያንስ አንድ እግሩን አሳርፎ መወርወር አለበት። ከዚህ ቢያልፍ ጥፋት ነው፤ አንድ ውርወራ ይጨመርበታል። በኳሱ ጎልፍ በጉድጓዱ ዙሪያ ሣሩ እንደ ምንጣፍ የተላጨ ቦታ አለ፤ ሳሕኑ ይህ የለውም፤ በምትኩ ከቅርጫቱ 10 ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ አለው። በዚህ ክብ ውስጥ የወረወረ ሰው ሳሕኑን ከለቀቀ በኋላ ሚዛኑን ጠብቆ መቆሙን ሳያሳይ ወደ ፊት መራመድ አይፈቀድለትም። ይህም ሰው ወደ ቅርጫቱ እየዘለለ ርቀት እንዳይሰርቅ ነው። ልጆች ይህን ሕግ እጅግ ይጠሉታል፤ የሚጠሉትም የሚሰርቁት እዚያ ላይ ስለ ሆነ ነው።

የጠፋውን በሚመለከት ሁለቱ ሕጎች ተቀራራቢ ናቸው። ለፍለጋ የሚሰጠው ጊዜ በሁለቱም ሦስት ደቂቃ ነው፤ ካልተገኘ አንድ ቅጣት ተጨምሮ ቀድሞ ከነበሩበት ቦታ እንደ ገና ይጀመራል። ከወሰን ውጭ በመውጣት ግን ይለያያሉ። ኳሱ ከወሰን ቢወጣ ጎልፈኛው አንድ ቅጣት ይቀበልና ወደ ኋላ ተመልሶ ይመታል፤ ማለት የተጓዘውን ርቀት ሁሉ ያጣል። ሳሕኑ ቢወጣ አንድ ቅጣት አለ፤ ዳሩ ግን ከወሰኑ ካለፈበት ቦታ አጠገብ ለመቀጠል ይፈቀዳል። አንደኛው ሕግ ለአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ የሚቀጣ ይመስላል፤ ሁለተኛው ግን አንድ ጊዜ ቀጥቶ ያሳልፋል።

ከዛፍ ላይ መቅረትንም ማንሣት ይገባል፤ በእኛ አገር በካፋ ዛፍ ሳይነኩ ምንም ነገር መወርወር የማይቻል ነውና። ኳስ ከዛፍ ላይ ቢቀር ተጫዋቹ ኳሱ የእርሱ መሆኑን ለይቶ ማሳየት አለበት፤ ይህን ካላደረገ እንደ ጠፋ ይቈጠራል፤ ቢለየውም ለማውረድ አንድ ምት ይቀጣል። ሳሕን ከቅርንጫፍ ላይ ቢቀር ግን በቀጥታ ከሥሩ ባለው መሬት ላይ ምልክት ተደርጎ ጨዋታው ይቀጥላል፤ ከሁለት ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቀረውን የሜዳው ኃላፊ አስቀድሞ ካላወጀ በቀር ቅጣት የለበትም። በሳሕኑ ጎልፍ ደግሞ የግዴታ ዛፍ የሚባል አለ። በዛፉ ላይ ፍላጻ ተሥሎ «በግራ እለፍ» ወይም «በቀኝ እለፍ» ይላል፤ በተከለከለው በኩል ያለፈ ይቀጣል። ይህን የኳሱ ጎልፍ አያውቀውም።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን የሁለቱ ጨዋታዎች የማስረጃ ሥርዓት ነው። በእግር ኳስ ፊሽካ የያዘ ዳኛ አለ፤ ተጫዋቹም ዳኛው ካላየው አልሠራሁትም ለማለት ይደፍራል። በጎልፍ ግን ብዙ ጊዜ ዳኛ የለም። ተጫዋቹ ራሱ ተከሳሽ፥ ራሱ ምስክር፥ ራሱም ጸሐፊ ነው። በ1925 በአሜሪካ ብሔራዊ የጎልፍ ውድድር ቦቢ ጆንስ የተባለው ስመ ጥር ተጫዋች ሊመታ ሲዘጋጅ ኳሱ በጥቂቱ ተንቀሳቀሰበት። ከእርሱ በቀር ያየ አልነበረም፤ እርሱ ግን ራሱን ከሶ አንድ ምት አስጨመረ። በመጨረሻም ከዊሊ ማክፋርሌን ጋር እኩል ወጥቶ በመለያው ጨዋታ ተሸነፈ፤ ያቺ አንዲት ምት ባትጨመር ኖሮ ያለ መለያ ያሸንፍ ነበር። ሰዎች ስለ ሐቀኝነቱ ቢያመሰግኑት፥ ሌባ ባለመሆኑ ብቻ ሰው እንዴት ይመሰገናል በሚል መንፈስ ምስጋናውን አልተቀበለም ይባላል።

የሳሕኑ ጎልፍ ሕግ በዚህ ላይ ጥንቃቄ ጨምሮበታል። ተጫዋች በጓደኛው ላይ ጥፋት ሲያይ ወዲያው መናገር አለበት፤ ቅጣቱ የሚጸናው ግን ሌላ ተጫዋች ወይም ኃላፊ «እኔም አይቻለሁ» ብሎ ሲያረጋግጥ ነው። የአንድ ሰው ቃል ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፤ ይህም ሥርዓት ለአገራችን ሽማግሌዎች እንግዳ አይደለም። ተጫዋቾቹ ተከራክረው በብዙኃኑ ለመወሰን ካልቻሉ ጥርጣሬው ለወርዋሪው ይጠቅመዋል። በፍርዱ ያልተስማማ ደግሞ ሁለት መንገድ ይጫወታል፤ አንዱን ፍርዱ እንዳለው፥ አንዱን እርሱ ትክክል ነው እንደሚለው አድርጎ ሁለቱንም ያስጽፍና በኋላ ለኃላፊው ያቀርባል፤ ኃላፊውም የትኛው እንደሚቈጠር ይወስናል። በኳሱ ጎልፍም ሕጉን የተጠራጠረ ተጫዋች ሁለት ኳስ ለመጫወት ይችላል። ይግባኝ ማለት ይህ ነው፤ ጨዋታው ሳይቆም፥ ማንም ሳይሰደብ፥ ነገሩ ወደ በላይ ይሄዳል። በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ ያሉ ባለ ጉዳዮች ሁሉ እንዲህ በጸጥታ ይግባኝ ቢሉ ሥራችን ምን ያኽል በቀለለ።

ስለ ውጤት ወረቀት የምንናገረው ግን ለእኛ ለጸሐፊዎች ልብ የቀረበ ነው። በኳሱ ጎልፍ ተጫዋቹ የራሱን ወረቀት ራሱ አይሞላም፤ አብሮት የሚጫወተው ይጽፍለታል፤ በመጨረሻ ሁለቱም ይፈርማሉ። ከፈረሙ በኋላ የተጻፈው ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ቢገኝ ተጫዋቹ ከውድድሩ ይወጣል፤ ከእውነቱ የበለጠ ቢሆን ደግሞ የተጻፈው ይጸናበታል። በ1968 ሮቤርቶ ዴ ቪቼንሶ የተባለ አርጀንቲናዊ በአሜሪካ አውጉስታ በሚደረገው ማስተርስ በሚባለው ውድድር ላይ በመጨረሻው ቀን ድንቅ ጨዋታ ተጫወተ። ቀኑም 45ኛ የልደት ቀኑ ነበር። በ17ኛው ጉድጓድ የመታው ሦስት ነበር፤ አብሮት የተጫወተው ቶሚ አሮን ግን በስሕተት አራት ብሎ ጻፈለት። ዴ ቪቼንሶ ሳያስተውል ፈረመ። በእውነት 65 የመታው ሰው በወረቀት 66 ሆነ፤ እርሱ ከቦብ ጎልቢ ጋር እኩል ወጥቶ በመለያ ሊጋጠም ሲገባው በአንድ ምት ተሸነፈ። ሺህ ሰው በዓይኑ ያየው ሦስት ምት በአንዲት አሃዝ አራት ሆነ። ፊርማ እንዲህ ያለ ነገር ነው።

የሳሕኑ ጎልፍ በዚህ አንቀጽ ከአባቱ ተለይቷል። የተሰጠው ወረቀት ስሕተት ሆኖ ቢገኝ፥ ቢያንስም ቢበዛም፥ እውነተኛው ድምር ይጻፍና በላዩ ሁለት ውርወራ ይጨመርበታል። ተጫዋቹ ለግዴለሽነቱ ይቀጣል፤ እውነቱ ግን በወረቀት ስሕተት አይጠፋም። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ለሚለን ሰው፥ በግልጥ እንናገራለን፤ የሳሕኑ ይሻላል። የኳሱን ሕግ የሚደግፉት ሰው ፊርማውን እንዲያከብር ያደርጋል ይላሉ፤ እውነትም ያደርጋል። ነገር ግን ጸሐፊው መዝገብ የሚይዘው የሆነውን ነገር ለማቆየት ነው እንጂ የሆነውን ነገር ለመሻር አይደለም። ጎረቤታችን ልጆች ይህን ሕግ ይዘው ደብተር አበጅተዋል፤ ታላቁ የታናሹን፥ ታናሹ የታላቁን ይጽፋል። በመጀመሪያው ሳምንት ታናሹ መደመር ተሳስቶ ሁለት ውርወራ ተቀጣ፤ ከዚያ ወዲህ በጣቱ እየቈጠረ ሦስት ጊዜ ሳይደምር አይፈርምም። እናቱም የሒሳብ ትምህርቱ እንደ ተሻሻለ ነግራናለች።

ጨዋታውን በአገራችን ለመጀመር የሚፈልግ ሰው ቢኖር ስለ ቦታው ጥቂት እንጨምር። 18 ጉድጓድ ያለው የኳስ ጎልፍ ሜዳ ብዙ ጊዜ 50 ሄክታርና ከዚያም በላይ መሬት፥ ሁልጊዜ የሚታጨድ ሣር፥ ብዙ ውሃም ይፈልጋል። በካፋ ያንን ለማድረግ ደን መመንጠር ወይም የገበሬውን የእንሰትና የቡና ማሳ መውሰድ ይሆናል፤ የካፋ ደን ደግሞ የዱር ቡና መኖሪያ በመሆኑ በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። የሳሕኑ ጎልፍ ግን ዛፍ እንዲቈረጥለት አይፈልግም፤ ዛፉ የጨዋታው ክፍል ነው። ሕጉም ተጫዋች የበቀለ ቅርንጫፍ አጥፎ ወይም ሰብሮ መንገድ ማበጀትን ይከለክላል፤ ያንቀሳቀሰ በአንድ ውርወራ ይቀጣል፤ አውቆ ያበላሸ ቅጣቱ ይከብዳል። በኳሱም ጎልፍ የበቀለውን አጥፎ ለምቱ መንገድ ማበጀት ሁለት ምት ያስቀጣል። በዚህ ሁለቱም አንድ ናቸው።

ቢሆንም ጨዋታው ዛፍ አይቈርጥም ማለት በደን ውስጥ ይሁን ማለት አይደለም። የሚመላለስ እግር ችግኝ ይረግጣል፤ በቦንጋ ዝናብ ደግሞ የተረገጠ ቁልቁለት ቶሎ ይሸረሸራል። ለልጆች የትምህርት ቤት ሜዳ ዳር ወይም የከብት መሰማሪያ ይበቃል። ከቅርጫት እስከ ቅርጫት 50 ወይም 60 እርምጃ ቢሆን ለጀማሪ አያንስም፤ የቅርጫቱ ከንፈር ከመሬት 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢነሣ ከእውነተኛው ጋር ይቀራረባል። ሰንሰለት የሌለው ሰው ከቅርጫቱ በላይ አሮጌ ማዳበሪያ ከረጢት ተርትሮ ቢያንጠለጥል ሳሕኑን ያበርድለታል፤ የጎረቤታችን ልጆች እንዲህ አድርገው ጠቅሟቸዋል።

አንድ ነገር ግን ወላጆች አጥብቀው እንዲያዝዙ እንለምናለን። ሕጉ ሳሕኑ ሰውን እንደማይጐዳ ሳያረጋግጡ መወርወርን ይከለክላል። ጠንካራ ፕላስቲክ በኃይል ሲበርር የሰውን ዓይን ያጠፋል። በእኛ ሰፈር መንገድ ደግሞ እንጨት የተሸከመች ሴት ዘወትር ታልፋለች፤ ሸክሟን ይዛ ዘወር ለማለት አትችልም። በግም በየሜዳው አለ፤ የቦንጋ በግ በገበያ ያለውን ዋጋ የሚያውቅ ሰው ካሣውን ይገምት። መንገድ ያለበትን ጐን ወሰን አድርጎ በገመድ ማጠርና ከገመዱ ያለፈውን ሳሕን ሁሉ ማስቀጣት ይገባል፤ ልጆች ከቍጣ ይልቅ የሚፈሩት በደብተር የምትጻፈዋን አንዲት ቍጥር ነው።